ዘይቱስ የት ይሂድ?

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ፍቅርም አልጽፍም (ሁለቱም ያው ናቸው፤ ቃል ይገቡና ይጠፋሉ)። ዛሬ የምጽፈው መኪና ሥር ስላለች አንዲት ብሎን ነው። አትሳቁ! ብሎኗ ትንሽ ናት፤ ያመጣችብኝ ጥያቄ ግን ትንሽ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው አክስቴ ከሚኒሶታ ከላከችው ሻንጣ ነው። ወለጋ ውስጥ ሚኒሶታ ዘመድ የሌለው ሰው ቢኖር እንኳ ሚኒሶታ ዘመድ ያለው ጎረቤት አያጣም። ሻንጣው ሲከፈት የተለመደው ሁሉ ወጣ፤ ቫይታሚን፣ ሎሽን፣ የእናቴ ጫማ፣ ለማን እንደተላከ ያልታወቀ ኮፍያ። በመጨረሻ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ አንዲት የናስ እቃ ወጣች። አውራ ጣት ታክላለች፤ በጎኗ ትንሽ እጀታ አላት። እናቴ የጋዝ ሲሊንደር መክፈቻ መሰላት። አባዬ ግን መነጽሩን አድርጎ አገላበጣትና እንደ ልጅ ፈገግ አለ።

“ይቺስ የኔ ናት” አለ።

ለማታውቁት ላስረዳ (እኔም ካወቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም)። ከሞተር ሥር ዘይት የሚጠራቀምበት ቋት አለ። ቋቱ ከታች በኩል በአንድ ብሎን ተዘግቷል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር አንድ ሰው መኪና ሥር ይገባል፤ ብሎኑን በመፍቻ ይፈታል፤ ትኩሱ ጥቁር ዘይት መጀመሪያ ክንዱ ላይ፣ ቀጥሎ መሬቱ ላይ፣ የተረፈው ደግሞ ሳፋው ውስጥ ይወርዳል። ብሎኑም አብሮ ሳፋው ውስጥ ይገባና በጣት ይፈለጋል።

አክስቴ የላከቻት እቃ ይህንን ብሎን ትተካለች። አንዴ በብሎኑ ቦታ ትጠመዳለች፤ ከዚያ በኋላ መፍቻ የለም። እጀታዋን ከፍ አድርጎ ሩብ ዙር ማዞር ነው፤ ዘይቱ ይወርዳል። መልሶ ማዞር ነው፤ ይቆማል። በቃ ቧንቧ ናት! ውስጧ መሐሉ የተበሳ የብረት ኳስ አለ፤ ኳሱ ሲዞር ቀዳዳው ከመውጫው ጋር ይገጥማል ወይም ይዘጋል። እጀታዋ በስፕሪንግ ተይዛ ማረፊያዋ ላይ ስለምትቀመጥ መኪናው ስለተንገጫገጨ ብቻ አትከፈትም። ፉሞቶ የሚባል የጃፓን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሠራት ኖሯል። ጀርመኖችና አሜሪካኖችም የየራሳቸው ዓይነት አላቸው። ዋጋዋ ወደ 30 ዶላር ይጠጋል። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ይህ በብር ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት፤ እኔ ማስላት አቁሜያለሁ።

አባዬ ይህችን እቃ ለምን እንደፈለጋት ለመረዳት ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰበትን ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ዘይት ሊያስቀይር ገባ። ብሎኑን ያጠበቀው ልጅ ያለ የሌለ ጉልበቱን ሰጠው። በሚቀጥለው ጊዜ ብሎኑ ሲፈታ የቋቱን ጥርስ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያቺ ምስኪን ኮሮላ በማስቲሽ ተለጥፋ፣ በቴፕ ተጠቅልላ ግቢያችን ውስጥ ጠብ ጠብ ስትል ከረመች። አባዬ ማታ ማታ በባትሪ እየወጣ ሥሯን ያያል። ጠዋት ጠዋት የዘይት መለኪያዋን እያወጣ ይጠርጋል። ሌላ ቋት በስንት ፍለጋ ከአዲስ አበባ፣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን መጣ። ቧንቧዋ የምትጠቅመው አንዱ ለዚህ ነው። አንዴ በልኩ ከጠበቀች በኋላ ጥርሱን የሚነካው ሰው የለም።

“ታዲያ መኪናውን ሸጣችሁ አዲስ አትገዙም?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ከየት አምጥተን? በዚያ ላይ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወስኗል። ውሳኔው ደግም ይሁን ክፉ፣ እኛን የሚነካን በአንድ በኩል ነው፤ በእጃችን ያለችው አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት መኖር አለባት። ሞተርን የሚያኖረው ደግሞ ጸሎት ብቻ አይደለም፤ ዘይት ነው። ዘይት ብረትና ብረት እንዳይፋጩ ያደርጋል፤ ሙቀት ይሸከማል፤ ጥላሸቱን አጥቦ ይይዛል። ሲያረጅ ሦስቱንም ይተዋል። የነቀምቴ መኪና ደግሞ ዘይቷ ቶሎ ያረጃል። በበጋ አቧራ አለ። ጉዟችን አጭር ነው፤ ከበከኒሳ ቀሴ ገበያ ድረስ፣ ከገበያ ቤት። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበቱና ያልተቃጠለው ነዳጅ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። አቧራና አጭር ጉዞ ባለበት ዘይቱ ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ ይቀየር የሚሉት የመኪና አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ እኔው ልቀይር ተነሣሁ። አባዬ ወገቡን ያመዋል፤ ወንድሜ ስልኩን ያመዋል።

ቧንቧዋን ያጠመደልን የሰፈራችን መካኒክ ናቸው። አብዛኛው ቶዮታ የሚጠቀመው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 1.25 የጥርስ ርቀት ያለው ብሎን ስለሆነ አክስቴ በልኩ ነበር የላከችው። መካኒካችን እቃዋን አይተው “ኢንተላ ኮ” አሉኝ (ልጄ ማለታቸው ነው)፣ “እንጀራዬን ልትወስጂብኝ ነው?” ሳቅን። ቀጥለው ግን ሳይስቁ ሦስት ነገር ነገሩኝ፤ ሦስቱንም ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም የእቃ ሻጭ አይነግራችሁም።

አንደኛ፣ ቧንቧዋ ከብሎን ይልቅ ወደ ታች ትወርዳለች። በሚኒሶታ አስፋልት ይህ ምንም አይደለም። በእኛ ኮብልስቶንና በፒስታ መንገድ ግን አንድ የቆመ ድንጋይ ይበቃል። ቧንቧዋ ከተመታች ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ ነጂው የዘይት መብራቱን እስኪያይ ሞተሩ ይነክሳል። ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት ከሥር ተኝታችሁ እዩ። ከቋቱ ግርጌ በታች የምትንጠለጠል ከሆነና የብረት መከለያ ከሌላት ይቅርባችሁ። የኛዋ ቋት ብሎኑ በጎን በኩል ነው፤ መከለያም አለው፤ ተረፍን።

ሁለተኛ፣ ቀዳዳዋ ጠባብ ናት፤ ዘይቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከግርጌም ጥቂት ዝቃጭ ይቀራል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማሞቅ (ማቃጠል አላልኩም)፣ ማጥፋት፣ ከዚያ ቡና እስኪፈላ መጠበቅ። ቡና እስኪፈላ መጠበቅ የማይችል ወለጌ ደግሞ አላውቅም።

ሦስተኛው ነው የከነከነኝ። “እኔ ሥር ስገባ ዘይት ብቻ አይደለም የማየው” አሉ። “የተቀደደ ጎማ አያለሁ። የፍሬን ዘይት ሲያልብ አያለሁ። የላላ ብሎን አያለሁ። አንቺ እጅሽን ሰደሽ ቧንቧ ከፍተሽ ስትሄጂ ይህን ማን ያይልሻል?” እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ተስማማን፤ ዘይቱን እኔ፣ በዓመት ሁለቴ አጠቃላይ ፍተሻውን እሳቸው። እንጀራቸውም አልተነካ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቆምን፤ የእጅ ፍሬን ያዝን፤ ጎማው ሥር ታኮ አደረግን። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር መግባት ራስን መግደል ነው፤ የቧንቧዋ ጥቅም ይህን ሁሉ ማስቀረቷ ነው። ከፊት በኩል በጎን ተኝቼ እጄን ሰደድኩ። አፏ ላይ ቀጭን ጎማ ሰካሁ፤ የጎማውን ሌላ ጫፍ ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከተትኩ። እጀታዋን ከፍ፣ ሩብ ዙር። ጎማው ውስጥ ጥቁሩ ነገር መሄድ ጀመረ። ድምፅ የለም። ፍንጥርጣሪ የለም። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። እናቴ ከበረንዳው ሆና “አለቀ?” ስትል “ገና መጀመሬ ነው” አልኳት፤ እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ቡናው ነበር።

ፊልትሮውን መቀየር ላይ ትንሽ ታገልኩ (ቧንቧዋ ፊልትሮ አትፈታም፤ እሱ አሁንም እጅ ያቆሽሻል)። አዲሱን ዘይት ጨመርኩ፤ ለካሁ፤ አስነሣሁ፤ አጠፋሁ፤ እንደገና ለካሁ። አለቀ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ጀሪካኑን ክዳኑን አጥብቄ አነሣሁትና… ቆምኩ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የመጣው። አራት ሊትር የሚጠጋ ጥቁር ዘይት በእጄ ይዣለሁ። የት ልውሰደው?

ይህን ጥያቄ ከዚያ ቀን በፊት ጠይቄው አላውቅም። ለምን? ምክንያቱም ጋራዥ ስንሄድ ዘይቱ የሌላ ሰው ነው። ሳፋ ውስጥ ይወርዳል፤ እኛ ሂሳብ ከፍለን እንወጣለን። ቤት ውስጥ ስትቀይሩት ግን የናንተው ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ የዚህች ቧንቧ ትልቁ ጥቅም ፍጥነቷ ነው ብዬ አላምንም፤ ንጽሕናዋም አይደለም። ትልቁ ጥቅሟ ዘይቱን ሳይበተን ሰብስባ “ያንተ ነው፤ ተረከብ” ብላ መስጠቷ ነው።

እንግዲህ መጠየቅ ጀመርኩ። ጋዜጠኝነት ስማር የተረፈኝ አንድ ነገር እሱ ነው፤ ማፈር አቁሞ መጠየቅ። ከአንድ ሁለት ጋራዦች፣ ከአንድ ላቫጆ፣ ከባጃጅ ልጆች ጠየቅሁ። መልሱ አራት ዓይነት ነበር። “እንሸጠዋለን።” “ለሚፈልግ እንሰጣለን።” “አቧራ እንዳይነሣ ግቢው ላይ እንረጨዋለን።” አራተኛው መልስ ቃል አልነበረውም፤ ልጁ በአገጩ ወደ ቦዩ ጠቆመኝ።

“ለሚፈልግ” የተባለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በማግሥቱ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ በራችንን አንኳኩ። ዘይት መቀየሬን ሰምተዋል (በከኒሳ ቀሴ ውስጥ ያልተሰማ ነገር የለም)።

“የተቃጠለውን ዘይት አትጣይው፤ ለእኔ ስጪኝ” አሉ።

“ምን ያደርግልዎታል አባባ?”

“ለአጥር።”

የወለጋ ልጅ ከሆናችሁ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ካልሆናችሁ ልንገራችሁ፤ ምስጥ። ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ፣ ከጊምቢ አልፋችሁ ነጆ፣ ጃርሶ፣ መነ ሲቡ ስትደርሱ ምስጥ ማለት ተባይ ብቻ አይደለም፤ የኑሮ ጠላት ነው። ሰብል ይበላል። የግጦሽ ሣር ይበላል። የቤቱን ምሰሶ ከውስጥ በልቶ ቅርፊቱን ያቆምላችኋል፤ ቤቱ የቆመ ይመስላችኋል። ስለዚህ ሰው የባሕር ዛፉን እንጨት ከመትከሉ በፊት ግርጌውን የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ሽማግሌው ነጆ አካባቢ ነው ያደጉት። “ሁለት ቤት በልቶብኛል” አሉኝ በሁለት ጣታቸው እያሳዩ።

ልዋሻችሁ አልችልም፤ ሰጠኋቸው። ግማሹን።

ከዚያ ማታ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ምነው ቀድሜ ባነበብኩ! ያገለገለ ዘይት አዲስ ዘይት ብቻ ቆሽሾ አይደለም። ሞተሩ ውስጥ ከብረቶቹ መፋቅ የተነሣ ብረት፣ መዳብ፣ እርሳስ ይገባበታል፤ ዚንኩ ከራሱ ከዘይቱ ማጠናከሪያ ይመጣል። ከነዳጁ ቃጠሎ ደግሞ ካንሰር የሚያመጡ ውህዶች ይጠራቀሙበታል። በአይጦች ቆዳ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ያገለገለ የቤንዚን ሞተር ዘይት ካንሰር ማምጣቱ ታይቷል። ጋራዥ ውስጥ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር የሆነ፣ በቤንዚን የሚታጠቡ የ15 ዓመት ልጆች ትዝ አሉኝ። ጓንት ያደረገ ልጅ አይቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ስለ ውሃውስ? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የሚለው እንዲህ ነው። ከአንድ መኪና በአንድ ጊዜ የወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። ይህ ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር ነው። ነቀምቴ ላይ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል። ክረምቱ ቦዩን፣ ጓሮውን፣ የጋራዡን ግቢ ሁሉ አጥቦ ይወስዳል። የት? ወደ ወንዙ። ከወንዙ ወደ ዲዴሳ፣ ከዲዴሳ ወደ ዓባይ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድባችን ድረስ የሚሄደው ውሃ በእኛ በኩል አልፎ ነው የሚሄደው። በዓባይ የምንኮራውን ያህል ለቦያችን አናፍርም።

ግድቡ ሩቅ ነው ካላችሁ ደግሞ ቅርቡን ልንገራችሁ። የሽማግሌው አጥርና የእኛ የውሃ ጉድጓድ አሥር እርምጃ አይራራቁም። ቧንቧው ሲጠፋ (የውሃውን ነው የምላችሁ) ልብስ የምናጥበው፣ አንዳንዴም የምንጠጣው ከዚያ ጉድጓድ ነው። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ በአጥሩ ሥር ሳልፍ ኩሬዋ ላይ ቀስተ ደመና አየሁ። ሰማዩ ላይ አይደለም፤ ውሃው ላይ። ዘይቱ ከየት እንደመጣ መርማሪ አያስፈልግም ነበር፤ ከእኔው ጀሪካን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ዘይት ስቀይር ሽማግሌው ሲመጡ “አይሆንም አባባ” አልኳቸው። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ በሽታው፣ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። በጸጥታ ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

“ጥሩ። ምስጡ አጥሬን ሲበላ አንቺ ትከፍያለሽ?”

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። እኛ የከተማ ልጆች “ይህ ጎጂ ነው” ማለት እንወዳለን፤ “በምትኩ ይኸውላችሁ” ማለት ግን ይከብደናል። ከአባዬ ጋር ሆነን ያገኘነው መላ እንጨቱን ከአፈሩ ማለያየት ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ ከታች፣ እንጨቱ ከላይ። ምስጥ ድንጋዩን አይበላም፤ በላዩ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ሊወጣ ቢሞክርም ይታያል፤ በመጥረጊያ ይፈርሳል። ለአራት ቋሚ የሚበቃ ሲሚንቶ አዋጥተን ሰጠናቸው። ለአራት ብቻ። አጥራቸው ከሠላሳ በላይ ቋሚ አለው።

አያችሁ፣ ለዚህ ነው ነገሩ ከአንዲት ብሎን በላይ የሆነብኝ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም አለ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነትም ያገለገለ የማዕድን ዘይትን ከሚቆጣጠራቸው ቆሻሻዎች አንዱ አድርጎ በስሙ መዝግቦታል። ወረቀቱ አለ። የሌለው በርሜሉ ነው።

አክስቴን በስልክ “እናንተ ዘይቱን ምን ታደርጉታላችሁ?” ስላት ጥያቄው አልገባትም። “ሱቅ እወስደዋለሁ እንጂ!” አለች። ሚኒሶታ ውስጥ የሞተር ዘይት የሚሸጥ ሱቅ ወይ አሮጌውን ይቀበላል፤ አለዚያም በቅርብ የት እንደሚቀበሉ የሚያሳይ ማስታወቂያ መለጠፍ በሕግ ይገደዳል። በቃ፤ ይኸው ነው። አክስቴ ቧንቧዋን በካልሲ ጠቅልላ ላከችልን፤ ያንን ማስታወቂያ ግን መላክ አልቻለችም። ቴክኖሎጂን ግማሽ ግማሹን ነው የምናስመጣው፤ እቃው ይመጣል፣ እቃውን ያቀፈው ሥርዓት ኤርፖርት ይቀራል።

የተሰበሰበው ዘይት ደግሞ ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ሀብት ነው። ዘይት በመሠረቱ አያልቅም፤ ይቆሽሻል እንጂ። በሌላው ዓለም እንደገና ተጣርቶ ዘይት ይሆናል። ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ውስጥ ነዳጅ ይሆናል፤ እቶኑ ከ1400 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ መርዙን ያቃጥለዋል። የሲሚንቶ እቶን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ሙገርና ደርባ እዚሁ ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። ከውጭ በዶላር ገዝተን ያመጣነውን ዘይት ቦይ ውስጥ የምንደፋበት ምክንያት አይታየኝም።

እና ምን ይደረግ ትላላችሁ? የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሚኒስቴር አይጠብቅም። አንድ ሊትር የሸጠ አንድ ሊትር ይቀበል። ዘይት መሸጫዎቻችንና ማደያዎቻችን አዲሱ የመጣበትን በርሜል አጥበው፣ ጣሪያ ሥር አስቀምጠው፣ “አሮጌውን እዚህ” ብለው ይጻፉበት። ከተማው ደግሞ ሲሞላ የሚያነሣ መኪና ያዘጋጅ፤ በየወሩ ባይሆን በየሩብ ዓመቱ። ጋራዦች ለልጆቹ ጓንት ይግዙ፤ ጓንት ከሕክምና ይረክሳል።

እኛስ? ዘይቱን ቤታችሁ የምትቀይሩ (ቧንቧ ኖራችሁም አልኖራችሁም) ክዳን ባለው ጀሪካን ሰብስቡት። ውሃ፣ ቤንዚን፣ የፍሬን ዘይት አትቀላቅሉበት፤ ከተቀላቀለ የሚያጣራው ሰው ራሱ አይፈልገውም። የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን ከሆነ ደግሞ በትልቁ ጻፉበት፤ የእናንተ ቤት ልጆች የሉም እንዴ? መካኒክ ዘንድ የምትሄዱም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፤ ሂሳብ ስትከፍሉ “ዘይቱስ የት ይሄዳል?” በሉ። ባለ ጋራዡ መልስ ባይኖረው እንኳ አሥረኛው ደንበኛ ሲጠይቀው መልስ መፈለግ ይጀምራል።

በነገራችን ላይ፣ በከኒሳ በአፋን ኦሮሞ ብሳና ማለት ነው። ብሳና ሲያብብ ንብ አይለየውም። በዛፍ ስም የሚጠራ ሰፈር ውስጥ እየኖርን ሥሩን ጥቁር ዘይት የምናጠጣው ከሆነ ስሙን መቀየር ሳይሻል አይቀርም።

አሁን በጓሮ ክፍላችን ጥግ ላይ ሦስት ጀሪካኖች ተደርድረዋል። አባዬ በጥቁር ቀለም ቀን ጽፎባቸዋል። እናቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር “ይሄን ነገር መቼ ነው የምታወጪልኝ?” ትላለች። ሽማግሌው ደግሞ አሁንም አልፎ አልፎ በሩ ላይ ቆም ብለው ወደ ጥጉ ያያሉ፤ አይጠይቁኝም፤ ዝም ብለው ያያሉ። እኔም አያቸዋለሁ። ከሃያ ስድስት በላይ ቋሚ ይቀራቸዋል።

የሚቀበለኝ በርሜል ያለው ካለ ይንገረኝ፤ ባጃጅ ከፍዬ አመጣዋለሁ። እስከዚያው ጀሪካኖቹ እዚያው ናቸው።

ቸር ይግጠመን።